የክሊተስ ሁለት ጥርሶች

የክሊተስ ቦይኪን ሁለት የላይኛው የፊት ጥርሶች ከመነቃነቃቸው የተነሳ፣ በሰሜን ፊላደልፊያ ትራም ባለፈ ቁጥር አብረው ያዜማሉ ይባል ነበር። ለሌላው ሰው ጥርስ ሥጋ መብያ ነው፤ ለሳክስፎን ነፊ ግን መሣሪያው የሚደገፍበት ግድግዳ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ዛሬውኑ ካልነቀልኳቸው ሲለው ክሊተስ አሻፈረኝ አለ። ቀን ቄራ የታረደ ከብት ሲሸከም፣ ማታ ከሌሎች ጀርባ ሲነፋ ኖሮ፣ በስሙ የሚወጣው የመጀመሪያው ሸክላ ሊቀዳ ሳምንት ቀርቶታል።

"ከነቀልካቸው በኋላ የሚነፋው ሌላ ሰው ነው" አለው።

ሚስቱ ኢርማ ሳምንቱን የበቆሎ ገንፎ እያበላች አደረሰችው። እንዳያስነጥስ ቁንዶ በርበሬውን ሁሉ ደበቀችበት።

በቀረጻው ቀን ባስ ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ዊልበርት ስቱዲዮው ቀድመውት ደርሰዋል። ዊልበርት በቀብር ላይም የሚቀልድ ሰው ነው።

"ስማ ወንድሜ፣ ጥርስህ ከበሮዬ ውስጥ ከገባ አልመልስም።"

በሙያው ልማድ መጀመሪያ አንድ ብሉዝ፣ የትካዜ ዜማ፣ ይነፋል። ነፊው ከንፈሩን ያሟሙቃል፤ ቀጂው ከመስታወቱ ወዲያ ድምፅ ይለካል፤ ቴፑ አይዞርም፣ ምንም አይቀዳም። ክሊተስ ይህን ለሌሎች ሲነፋ ስንቴ አይቶታል። ያን ቀን ግን ሕመሙ ልቡን ነሳው መሰለኝ፣ ልማዱን ረሳ። የተሸከመውን ሥጋ ሁሉ፣ ያደረበትን ብርድ ሁሉ በዚያች ብሉዝ አወረደው። ዊልበርት እንኳ ቀልዱ ጠፋው። መጨረሻዋ ላይ አንደኛው ጥርስ ወለሉ ላይ ጠብ አለ።

ክሊተስ ደሙን በመሐረብ ይዞ ወደ ቀጂው ፈገግ አለ።

"በቃኝ፤ ይውደቅ። የቀዳኸውን አሰማኝ።"

የቀጂው ድምፅ በማጉያው መጣ፦ "ጥሩ፣ ልኩ ተስተካክሏል። እንጀምር?"

ክሊተስ ክፍተቱን በታጠፈ ካርቶን ደፍኖ እስከ ማታ ነፋ።

ሸክላው ወጣ። ሽፋኑ ላይ ባለው ፎቶ አፉ ግጥም ብሏል። የሰፈሩ ፀጉር ቆራጭ ደንበኛ በገባ ቁጥር ያጫውተዋል፤ ክሊተስ ግን በሰው ሠራሽ ጥርሱ ከቄራ ሲመለስ መንገድ ተሻግሮ ያልፋል። "ያ እኔ አይደለሁም" ይላል፤ ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። ስላልተቀዳችው ብሉዝ ሲያወራም ዊልበርት ነበር "እውነቱን ነው" የሚልለት።

ባስ ተጫዋቹ ካሊፎርኒያ ሄዶ ጠፋ። ዊልበርት በክረምት ሞተ። ከቀብሩ ሲመለሱ ክሊተስ ያችን ብሉዝ ለኢርማ በአፉ ሊያንጎራጉርላት ሞከረ፤ አዲሱ ጥርስ ግን ያፏጭበታል።

"ተወው በቃ" አለችው፤ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው።