ድንጋዬን ወደ ኋላ የመለሱት ሰው

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ልደታ ደጇ ደርሼ፣ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ፣ ይቺን ብቻ በሆዴ ይዤ ተመልሻለሁ። አሁን አርጅቻለሁና ለእናንተ ልናገር። ፍርዱን እንደወደዳችሁ ስጡ፤ እኔ በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር። ታዲያ ከንጋት ጀምሮ ማን ቆሞ ይውላል? ሰው ድንጋዩን ያሰልፍና ወደ ሥራው ይሄዳል። ከሱቁ በር እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድንጋይ፣ ቀዳዳ መጥበሻ፣ ነጠላ ጫማ ተሰልፎ ይውላል። የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀዩ ጡብ የእትዬ በላይነሽ፣ እጀታ የሌለው ካውያ የልብስ ሰፊው፣ ጥቁሩ ድንጋይ የእኔ። ሱቁ ሲከፈት ሁሉም መጥቶ ከየድንጋዩ አጠገብ ይቆማል፤ ከዚያማ ወሬው፣ ሳቁ፣ መተራረቡ ነው። ችግር ነበር። ግን ምን ልዋሽ፣ ዛሬ ያ ሰልፍ ይናፍቀኛል። እዚያ ቆመን ልጅ ድረናል፣ የተጣላ አስታርቀናል። አሁን የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም።

እኔ ያኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የቀበሌው ቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሥራችን የሕዝብ ዕቃ እንዳይሰረቅ መጠበቅ ነው። ዕቃ ደብቆ የተገኘ ሻጭ «አሻጥረኛ» ይባላል፤ አዋጁም ቀልድ አያውቅም። ሰው እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

ሻጩ ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። ጣታቸው ላይ የቀረችውን ስኳር እንኳ ወደ ጆንያው የሚያራግፉ ሰው ነበሩ። እኔን «ልጄ» ነበር የሚሉኝ።

አንድ ሰሞን ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ወለደች። ባሏ ግንባር ነው፣ ወረፋ የሚይዝላት የለም። ጋሽ ሸምሱን «ድርሻዋን ለይተው ያስቀምጡላት፤ ለአጥሚቷ ነው። ኃላፊነቱ በእኔ» አልኳቸው። አመነቱ።

«ሕጉስ ልጄ?»

«ሕጉ እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁና አንድ ኪሎ ስኳር በጋዜጣ ጠቅልለው ከባንኮኒው ሥር አስቀመጡላት።

በዚያው ሰሞን እኔ ደግሞ ክፉ ልማድ ይዤ ነበር። አርፍጄ እመጣና ጥቁሩን ድንጋዬን ከሁሉም ፊት አስቀምጠዋለሁ። ቁጥጥር ናትና ማን ይናገራል? አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ ወጡ፣ ጎንበስ ብለው ድንጋዬን አነሱና መጨረሻ ወስደው አስቀመጡት። «ተራሽ እዚህ ነው ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። አልተቆጡም። እትዬ በላይነሽ ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ድንጋዬን እዚያው ጥዬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «ባንኮኒው ሥር ይፈተሽ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ተፈተሸ፤ ስኳሩ ተገኘ። ሊቀ መንበሩ «ለማን የደበቅኸው ነው?» ሲላቸው ጋሽ ሸምሱ አራሷን ሸንጎ ፊት ማስጎተት አልፈለጉም። ወደ እኔ ዞር ብለው «እሷ ታውቃለች» አሉ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

እዚያ ላይ እንኳ መች አበቃሁ? ጥሩወርቅ ሰምታ፣ አራስነቷን ትታ ልትመሰክር ስትነሳ «አርፈሽ ተኚ፤ አንቺንም ይጨምሩሻል» ብዬ ያስፈራራኋት እኔ ነኝ። የቀበሌው ሸንጎ ሦስት ወር ፈረደባቸው። ሚስታቸው ስንቅ ቋጥረው በሰልፉ አጠገብ ሲያልፉ ያ ሁሉ ተረበኛ ድንጋይ ድንጋዩን ያይ ነበር። ሳቁ ከሰልፉ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ ሻጭ ተሾመ። የእኔ ድንጋይ ሁልጊዜ ፊት ሆነ፤ የኮሚቴው ስኳር ደግሞ በጓሮ በር ይወጣ ጀመር። ዛሬ በሬዲዮ «ሕጉ ይጥበቅ፣ ተቆጣጣሪ ይጠናከር» ሲሉ ስሰማ ድምፁን እቀንሳለሁ። የእኛ ሕግ ላልቶ ነበር? ተቆጣጣሪስ አጥተን ነበር? ተቆጣጣሪዋ እኔ ነበርኩ። በእኔ ጊዜ በስርቆት የታሰረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያልሰረቀው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም። ብዙ ሰው በዚያ ዘመን ኖሮ እንዲህ አላደረገም።

ጋሽ ሸምሱ ከስተው ተፈቱ። በማግስቱ እንደማንኛውም ሰው አንዲት ድንጋይ ይዘው መጥተው ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡ። ሮጬ ሄድኩ። «ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ፊት ይምጡ እንጂ» አልኳቸው። ይቅርታ መጠየቄ ነበር፤ በዚያችው በለመድኳት መንገድ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ተራዬ አልደረሰም፣ ጓድ አስካለ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሰፈር ኖርን። እስኪሞቱ ድረስ ልጄ ብለውኝ አያውቁም።