ኤሲ የሚከብዳት መኪና

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጓደኞቼ ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ሲጽፉ እኔ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ኤሲ መጻፌ ትንሽ ያሳፍረኛል። ቢሆንም የአያቴን ዓይን ነገር ከዚያ ኤሲ ለይቼ ማሰብ ስላልቻልኩ ልሞክር።

አያቴ ግራ ዓይናቸውን ያጡት እኔ ሳልወለድ ነው። አምና፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቀኙም በሞራ ተጋረደ። በሚያዝያ መጨረሻ ፍኖተ ሰላም ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በማግስቱ ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች፤ በፕላስቲክ መሸፈኛ ከለለችላቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«አቧራ እንዳያገኘው። ላብ እንዳይገባበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳያሹት» አለችኝ። ያላቸው ዓይን ያ ብቻ ነውና ሦስቱንም በደብተሬ ጻፍኩ። አያቴ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ የማሸት የቆየ ልማድ አላቸው።

ወደ ቤት የወሰደን አጎቴ፣ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ቡሬ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መኪናው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ የቤት መኪና ናት፤ ኤሲውን ለዚህ ጉዞ ብሎ አሠርቶታል። «አባቴን እንደ ሚኒስትር ነው የምወስደው» እያለ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ። ለሚሠራው ቤት ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ከኋላ ጭኗል።

አስፋልቱ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። አያቴ ቅዝቃዜው ሲነካቸው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «ክረምት ገባ እንዴ?» አሉ።

ቡሬ ሳንደርስ ወደ መንደራችን የሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ግን አቀበት ነው። መኪናዋ ኤሲ ተከፍቶ መውጣት አቃታት፤ በአንደኛ ማርሽ እንኳ ተንቀጠቀጠች። አጎቴ ኤሲውን ሲያጠፋው መውጣት ጀመረች። ውስጡ ግን ወዲያው ጋለ፤ መስኮት እንዳንከፍት ውጪው አቧራ ብቻ ነው። የአያቴን ላብ በሶፍት አደርቃለሁ፣ በሌላው እጄ እጃቸውን ይዣለሁ።

«ልጄ፣ አንዴ ብቻ ልንካው» አሉኝ።

«አይሆንም አባባ፣ ትንሽ ይቻሉት።»

አጎቴ ይህን ሰምቶ ኤሲውን መልሶ አበራው። መኪናዋ ቆመች። አንድ ባጃጅ አልፎን ሄደና እሱም ቆመ።

«ጋሼ፣ ገመድ አለኝ፤ ልጎትታችሁ?» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«ሂድ ወዲያ፣ ባለ ሦስት እግር» አለው አጎቴ።

አያቴ የበሩን መክፈቻ መዳበስ ጀመሩ። «አቀበት ላይ እኮ ከበቅሎም ይወረዳል። አውርዱኝ፣ በእግሬ እወጣለሁ።»

«ኧረ አባቴ፣ ይቺ በቅሎ አይደለችም።»

«ስታቃስት እየሰማኋት?»

አጎቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወርዶ ሲሚንቶውን አንድ በአንድ ተሸክሞ መንገድ ዳር ካለች ሱቅ በአደራ አስቀመጠ። ኤሲው በራ፣ መኪናዋም ትንሽ ተራመደች፤ ወዲያው ግን ዛለች። የቀረው ጭነት እኔ ነበርኩ።

መውረዱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ የአያቴን እጅ መልቀቁ ነው። አጎቴ መሪ ይዟል፣ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ዋሸሁ። የታዘዘላቸውን የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አውጥቼ በመዳፎቻቸው መካከል አኖርኩ።

«አባባ፣ መድኃኒቱ ከተዘነበለ ይበላሻል ተብሏል። እስክመጣ በሁለት እጅዎ ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ» አልኳቸው።

በሩን ቶሎ ዘጋሁ። መኪናዋ ኤሲዋ እንደበራ፣ በዝግታ፣ ግን ሳትቆም ወጣች። የባጃጁ ሾፌር ገና እያየን ነበር። «ግቢ እህቴ» አለኝ። «ኤሲ የለኝም እንጂ አቀበት አልፈራም።»

አናቱ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አያቴ ብልቃጧን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘዋታል። ግንባራቸው ደረቅ ነው።

«ዝንብ ፊታቸው ላይ ስታርፍ እንኳ እጃቸውን አላነሱም» አለኝ አጎቴ በሹክሹክታ።

«አልተዘነበለም» አሉኝ አያቴ።

እውነቱን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብቻ አልኩ።

በግንቦት ለምርመራ ሁለት ጊዜ ወረድን፤ በመልሱ አቀበቱ ግርጌ ማንም ሳይነግረኝ እወርዳለሁ። በሦስተኛውና በመጨረሻው ምርመራ ሐኪሟ ዓይናቸውን አየችና መሸፈኛውም ጠብታውም ይብቃ አለች። በዚያን ጊዜ ዝናቡ አቧራውን አጥፍቶታል። ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ኤሲውን አጥፍቶ መስኮቶቹን ዝቅ አደረገ። አያቴ ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ።

«ያ በቆሎ ቁርጭምጭሚት እንኳ አልደረሰም» አሉ። «ማነው እንዲህ ዘግይቶ የዘራው?»

አጎቴ በደንብ እንዲያዩ ፍጥነቱን ቀነሰላቸው። አቀበቱን እኔም ሳልወርድ ወጣነው። ሰኔ አሥር ቀን ነበር።