ከምርመራው አልሸሽም

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ወንዶች የሚያፍሩበትን ነገር በስሙ ስለምጠራ ይቅርታ አልጠይቅም። የያዘኝ የፕሮስቴት ካንሰር ነው።

ታደሰ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህር ነኝ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ባለቤቴን ፀሐይን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አድርሼ ስመለስ ነው። "ግባ እንጂ" ስትለኝ፣ "አንቺ ጸልዪ፣ እኔ እሮጣለሁ" እላት ነበር። እንጦጦን እየሮጥኩ እወጣለሁ። አምላኬ እግሬ ነበር።

ከዚያ ታመምኩ፤ ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ዓመት ሳይሞላኝ መሮጥ ጀመርኩና ዳንኩ አልኩ። የምትከታተለኝ ሐኪም ግን በደም ውስጥ ያለችን ኢምንት የካንሰር ምልክት እንኳ የሚለይ ምርመራ አዘዘችልኝ። ውጤቱ ሲመጣ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ትንሽ ነገር አለ" አለችኝ።

"ምንም አላመመኝም እኮ" አልኳት።

"ይሄ ምርመራ የሚያየው ገና ያላመመዎትን ነው።"

ከሦስት ወር በኋላ ስንደግመው የምልክቱ ቁጥር እጥፍ ሆኗል። ካንሰሩ እየተመለሰ ነበር።

በማግስቱ እንጦጦ ወጣሁ። መሮጥ አቃተኝ፤ የከዳኝ ጉልበቴ ሳይሆን ልቤ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ እግዚአብሔርን በቁጣ፣ "ካለህ አናግረኝ" አልኩት። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ግን ያቺ ስንት ዓመት የቀለድኩባት ሴት በየቀኑ ስሜን እየጠራች እንደምትጸልይ ትዝ አለኝ፤ አለቀስኩ። ቤት ገብቼ፣ "ፀሐይ፣ እሁድ አብሬሽ እገባለሁ" አልኳት። እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ክብር ለጌታ ይሁን።

በዚያው ሰሞን የጨረር ሕክምና ታዘዘልኝ። አንድ ወንድም፣ "ተጸልዮልሃል እኮ፤ ጨረር መግባት እምነት ማጣት ነው" አለኝ። "ወንድሜ፣ ጌታዬን ከሐኪም ጋር አታጣላብኝ" አልኩት። "እውነቱን ማወቅ ክህደት ከሆነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚኖር እምነት ለእኔ ይቅርብኝ።" ሳምንታት ሙሉ ከሰፈሬ ከመሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሆስፒታል ተመላለስኩ። ሽንቴ አቃጠለኝ፣ ሰውነቴ ዛለ፤ አልቀረሁም።

ባለፈው ወር ያው ምርመራ ተደገመ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። "ማሽኑ ምንም አላገኘም" አለች። "ግን አበቃ አልልዎትም፤ እየመጡ ይታያሉ።"

"እመጣለሁ" አልኳት። ጌታ ይባረክ።

ቅዱሳን፣ የሚቀጥለው ወረቀት ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም። ቁጥሩ ቢጨምርም ይሄ አፍ አይዘጋም፤ የእኔ ጌታ ውጤት ሲያምር ብቻ የሚመሰገን አይደለም። ሽንት እያስቸገራችሁ ለሚስቶቻችሁ እንኳ የደበቃችሁ ወንዶች እዚህ አላችሁ፤ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ብቻውን መሄድ የፈራ ካለ እኔ አብሬው እሄዳለሁ። ጌታን መቅረብ የፈራም ካለ ተቆጥቶም ቢሆን ይምጣ። እኔን ተቆጥቼ ስመጣ አልመለሰኝም።