ትራምፔቱና ፒያኖው

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ከንፈራቸው ላይ ትራምፔት ለዓመታት ያተመው ክብ ምልክት አለ። ሦስት ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ።

ሞላሌ ሳንደርስ፣ «እስቲ ስሚ የኔ ልጅ» ብለው ከጆሮ ማዳመጫቸው አንዱን ሰጡኝ። መጀመሪያ ትራምፔት የሚነፋበት ጃዝ አሰሙኝ፤ ቀጥሎ የሌላ ሙዚቀኛ፣ በፒያኖ። ሁለቱም ዜማዎች ዳገቱን በአንድ ዓይነት እርምጃ ይወጣሉ፣ ጫፉ ላይ ትንፋሽ ይይዛሉ፣ ከዚያም በዚያው መንገድ ይወርዳሉ።

«እንዴ! አንድ ናቸው እኮ!» ብዬ ስጮኽ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ።

«አየሽ! ልጄ ወሰንየለሽ ግን ‹አባባ፣ ሁሉም አንድ የሚመስልህ ጆሮህ ስለደከመ ነው› ትለኛለች። ይኸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛልኝ ልመረመር እየሄድኩ ነው።»

ጣቶቻቸው ቆሙ። ሌላ ጃዝ ከፈቱ፤ አሁን የሚፈትኑት ራሳቸውን ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ እኔም አዳመጥኩ።

«ይሄ ግን እነዚያን አይመስልም» አልን፣ እኩል።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉና ሳቁ።

«በይ እንግዲህ፣ ሐኪሙ ይዘጋጅ!»