ከኋላ ወንበር ሥር

የመጀመሪያ ልጄ ተወልዳ ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በወጣችበት ጠዋት አማቴ ሚኒባስ ኮንትራት እንያዝ ብለው ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አሮጌዋን መኪናዬን ሰው ሲንቅብኝ ደሜ ይፈላል። «እማማ፣ ቡሬ ድረስ ምን ችግር አለ? ከአዲስ መኪና እኮ ትሻላለች» ብዬ እሳቸውንና ሚስቴን ከነሕፃኗ ከኋላ አስቀመጥኳቸው።

የዚህች መኪና ባትሪ ያለው እዚያው፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

አማቴ ለአራስና ለጨቅላ ንፋስ ጠላት ነው ብለው መስኮቱን ሁሉ አዘግተዋል። ማንኩሳን እንዳለፍን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ መጣ። ወዲያው ገባኝ። በዚያ ወር የፊት መብራቴ አምፖል ሁለቴ ተቃጥሏል። ነዳጅ ስሰጥ መብራቱ ቦግ ይላል፤ የባትሪው ውኃም በየሳምንቱ ይጎድላል። እኔ ሞኙ ግን «ዲናሞዋ ጉልበታም ናት» እያልኩ እኩራራ ነበር። ለካ ዲናሞው ባትሪውን ከልክ በላይ እየሞላ ያፈላው ኖሯል።

ያኔውኑ ማቆም ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? መስኮት ልክፈት ብል ከአማቴ ጋር መሟገት ነው፤ መኪናዋ ታማለች ብል ደግሞ ውርደት ነው። በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ይጠራርጋሉ፣ ሚስቴም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ጉሮሮዬ እየከረከረኝ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ በገዛ መኪናዬ ውስጥ ታስሬ ነዳሁ።

ከነጠላው ሥር ልጅቷ ሳለች። ትንሽ፣ ደረቅ ሳል።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» አማቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ሞተሩን አጥፍቼ ወንበሩን ሳነሳ ባትሪው አብጦ ይንተከተካል። እነሱን በሚኒባስ ላክኋቸው። ከቡሬ የመጣው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባትሪው ከበረደ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ የቮልት መለኪያውን ባትሪው ላይ ሲያስነካው ከዐሥራ ሰባት ቮልት በላይ አሳየ።

«ዐሥራ አራት ከምናምን ይበቃው ነበር» አለኝ። «ኃይሉን የሚመጥነው ሬጉሌተር ሞቷል። ለመሆኑ አልሸተተዎትም?»



ቡሬ ስደርስ ልጅቷን ደህና ሆና አገኘኋት። አማቴ ነጠላቸውን ዘርግተው የባትሪው አሲድ የበሳውን ጫፍ ያያሉ። ይቅርታ ልጠይቅ እግራቸው ላይ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ሽታውማ ሸቶኝ ነበር ልጀ» አሉ። «መኪናው ያንተ፣ አንተ ዝም ስትል ጊዜ ደህና ነው ብየ የልጅቱን ፊት ይበልጥ ሸፈንሁት።»