ዓርብ ዕለት ያልተቀመሰው ማር

አልጣሽ ቁጭ ማለት አታውቅም። ሰቆጣ ውስጥ አልጣሽን ተቀምጣ ያያት ሰው ካለ ወይ ታማ ነው፣ ወይ ለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን «ሰሃን ልጠብ» ብላ መነሣቷ አይቀርም። ስታገባ «እግሯ ሥር ፍም አለ» ብለው የሳቁ አማቾቿ ሃያ ዓመት አልፎም አሁንም ይስቃሉ።

ሥራዋ ማር መቅመስ ነው። አዎ፣ መቅመስ! «ይሄም ሥራ ሆኖ!» የሚሉ ነበሩ፤ ማራቸውን ሁለተኛ ስትልባቸው ነው ሥራነቱ የገባቸው። ገበሬው ከደሃናም፣ ከጽጽቃም፣ ከሰቆጣ ዙሪያም ማሩን ተሸክሞ የማር ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ይሰለፋል። እሷ አንደኛ ያለችው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ያለችው ጠጅ ቤት ይገባል። አከተመ። ከእሷ በላይ ይግባኝ የሚባልበት የለም።

ይህን ችሎታ ማንም ትምህርት ቤት አላስተማራትም። ደሃና ውስጥ ንብ አናቢ የነበረው አባቷ ዐይኗን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ፣ የየቀፎውን ማር በጣቱ እያቀመሰ «የትኛው ነው?» ይላት ነበር። ከሳተች ኩርኩም ነው። እንዲህ ሆና ያደገች ምላስ ናት። መጀመሪያ ማሩን ወደ ብርሃን አንሥታ ታያለች፤ በጣቷ ታሸዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ከዚያ በምላሷ ጫፍ ትነካውና ዝም ትላለች። ማሩ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ የመጨረሻ ቃሉን እስኪናገር ትጠብቃለች። ያቺ ሴት በሕይወቷ የምትጠብቀው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አልጣሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ በአፏ አይዞርም። ማር የፍስክ ባይሆንም ከሰዓቱ በፊት ጠብታ ውኃም ጾም ያስፈታል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ማር ያመጣ ሁሉ «ከዘጠኝ በኋላ» ተብሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ለዓመታት እንዲህ ነበር። አምና ግን አንድ ሁለቴ ሰው ሲበዛባት በአፍንጫዋ ብቻ ፈረደች፤ በኋላ ስትቀምሰው ልክ ሆኖ ተገኘ። «ወይ አልጣሽ! አፍንጫዋ ብቻውን ይበቃል!» አሏት። ምስጋና ደግሞ እንደ ጠጅ ነው፣ ሳይታወቅ ራስ ላይ ይወጣል።

ያን ዕለት ዓርብ ነበር፣ ኅዳር መግቢያ ላይ። የአዲስ አበባው መኪና ጠዋት ደርሶ ቆሟል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይግዛው ሰዓቱን እያየ መጣ።

«መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ በይ።»

«ዓርብ ነው እኮ። አልቀምስም።»

«በአፍንጫሽ ጨርሺዋ! አፍንጫም ይጾማል እንዴ?»

ሳቀች፤ ጀመረችም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? ክዳን ታነሣለች፣ ትስባለች፣ «አንደኛ!» ትላለች፤ እንደ ልማዷ ከእያንዳንዱ ትንሽ ናሙና ቁጥር በተጻፈበት ጠርሙስ ቀድታ ታስቀምጣለች፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አሥራ ስድስት ባልዲ በአንድ ሰዓት ጨረሰች። አሥራ ሰባተኛው የየኔታ ወልደ ሐዋርያት ነበር።

የኔታ ከአምደወርቅ ወዲያ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ከጉባኤ ቤታቸው ጀርባ ጥቂት ቀፎ አላቸው። ባልዲያቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። አልጣሽ ክዳኑን አነሣች። ከክዳኑ ሥር ማሩ እንዳይፈስ የተወጠረ ጨርቅ ነበር። ጎንበስ ከማለቷ ሽታው መታት። ትምባሆ!

በእሷ አገር ትምባሆ መጥፎ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ቄስ የሚያወግዘው፣ የጠጣውን ሰው ከማኅበር የሚያስወጣ ነውር ነው። ንቡን በትምባሆ ጭስ አባረው ነው ማሩን የቆረጡት ብላ አሰበች። እሱን እንኳ በጆሯቸው ብትናገር ምን ነበረበት! ያ የማያስቀምጣት ነገር አፏንም አላስቀመጠውም።

«የኔታ! እርስዎም ትምባሆ ይጠጣሉ እንዴ?»

ሃያ የሚሆን ሰው ቆሞ ነበር። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አማተበ። የኔታ ቀና ብለው አዩዋት፤ አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት።

«ሁለተኛ» አለች አልጣሽ፣ ናሙናውን በጥድፊያ እየቀዳች።

ሽማግሌው ጨርቁን መልሰው አሰሩ፤ ባልዲውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ከመንቀሳቀሱ በፊት ወሬው ገበያውን ዞሮ ጨርሷል። «መሪጌታው ያጨሳል አሉ!» «ማን አለ?» «አልጣሽ ናታ! አልጣሽ ከሸተታት ሸተታት ነው።»

አልጣሽ መጋዘኑን ጠረገች። የተጠረገውን ደግማ ጠረገች። የሽማግሌው ዝምታ አልዋጥላት አለ። የተበደለ ይጮሃል፣ ያጠፋ ይምላል፤ እኒህ ሰው ግን ምንም አላሉም። አሥራ ሰባት ቁጥርን አንሥታ ከፈተችና አሸተተች። ትምባሆ የለም። አፍንጫዬ ደክሞ ነው ብላ ወጥታ ንጹሕ አየር ስባ ተመለሰች። አሁንም የለም። ያን ጊዜ ጨርቁ ትዝ አላት፤ ሽታው የእሱ ቢሆንስ?

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ስልኳን ታያለች፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አላለፈም። ልቅመሰው ብላ ጠርሙሱን ሁለቴ አነሣች፤ ሁለቴም አስቀመጠች። ዘጠኝ ሲሆን አማተበችና በምላሷ ጫፍ ነካችው።

ጦስኝ። ከዚያ ለስላሳ የተራራ አበባ። ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ ንጹሕ ሙቀት፣ ቅሬታ የሌለው። እንዲህ ያለ ማር ከአባቷ ሞት ወዲህ አልቀመሰችም።

«ወይኔ አልጣሽ! ወይኔ ጉዴ!»

ጠርሙሱን እንደያዘች ወደ መናኸሪያው ሮጠች። የአምደወርቁ መኪና ሰው እስኪሞላ ቆሟል። የኔታ ከተሳፋሪው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባልዲው እግራቸው ሥር ነው። አጠገባቸው ሰው አልተቀመጠም።

ሕዝቡ እያየ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይፍቱኝ የኔታ! አልቀመስሁትም ነበር፤ ጨርቁን ነው ያሸተትሁት! ማርዎ ንጹሕ ነው!» አማርኛው አልበቃት ሲል በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና ደገመችው።

«ተነሺ ልጄ» አሉ። «ስንመጣ ከትምባሆ ነጋዴ ኬሻ ጋር አብረው ጫኑት። ጨርቁ ስቦት ኖሯል፤ እኔም እዚህ ተቀምጬ ነው የሸተተኝ።»

«እንዳልቀመስሁ አላወቁም?»

«ዓርብ አይደል? ከንፈርሽ ደርቆ አየሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ!»

«ምን ልበል? ቅመሺ ብልሽ ጾም ማስፈታት ነው። አንቺ ግን ‹ይጠብቁ› ብትዪኝ እጠብቅ ነበር።»

ጠብቁ ማለት፤ አንዲት ቃል። ለስንቱ ገበሬ ስትላት የኖረችውን ቃል!

«ማሩን በሚቀጥለው መኪና በአንደኛ አስገባዋለሁ» አለች እያለቀሰች።

«ማሩስ ይደርሳል። ከጉባኤ ቤት ደውለውልኝ ነበር። ልጆቹ ‹እውነት ነው ወይ?› እያሉ ነው። ሁለት ወላጆች ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተዋል አሉ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል።»

ረዳቱ «አምደወርቅ! የቀረ አንድ ሰው!» ብሎ ጮኸ።

አልጣሽ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ለባሏ አልደወለችም፤ መጋዘኑንም አልቆለፈችም። ባልዲውን ከየኔታ እጅ ተቀብላ መኪናው ላይ ወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የኔታ አጠገቧ ተቀመጡ። መኪናው ሲነሣ ድፍን ተሳፋሪ ዞሮ ያያታል።

«የኔታ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሐሰት ነው ብዬ ብነግራቸው ባያምኑኝስ?»

ሽማግሌው ባልዲው እንዳይንሸራተት በእጃቸው ደገፉት።

«ጠዋት ሳትቀምሺ አምነውሻል» አሏት።