ያልቀየርኩት ግራፊክስ ካርድ

ይህ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሬን ባበራሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለጓደኞቼ ሳወራው እየሳቅኩ ነው የምጀምረው፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይቀየርብኛል።

ስራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የምሰራበት ዴስክቶፕ ኮሌጅ እንደጨረስኩ የተገዛ ነው። እናቴ ዕቁቧ ሲወጣላት "በል፣ ስራ ፈትተህ አትቀመጥ" ብላ ገዛችልኝ። ከመርካቶ በላዳ ስንመለስ እኔ ሲፒዩውን፣ እሷ ሞኒተሩን አቅፈን ነበር። ሾፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እናቴ "ቀስ በል እንጂ ልጄ!" እያለች ስትቆጣው ዛሬም ይታየኛል።

በሳምንቱ ለሲፒዩው ልክ ለክታ በኪሮሽ ነጭ ዳንቴል ሰራችለት፤ ዙሪያውን የሚንጠለጠል ዘርፍ ያለው። ቴሌቪዥናችን ለብሷል፣ ፍሪጃችን ለብሷል፣ ኮምፒውተሩ ብቻ ራቁቱን ሊቀር ነው? ስራ ስጨርስ ታለብሰዋለች፤ ስጀምር እኔ እገልጠዋለሁ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የምትሰማ አጭር ዜማ አለችው። እናቴ ያቺን ድምፅ ኩሽና ሆና ትሰማና ሻይ ይዛልኝ ትመጣለች። "ስራ ገባህ?" ትለኛለች፣ ልክ ትልቅ መስሪያ ቤት እንደምሰራ ሁሉ። ከአልጋዬ ወርጄ ወንበሬ ላይ መቀመጤ ነበር እኮ! ለዓመታት እንዲህ ኖርን። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምወደው የገባኝ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ግንቦት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሻዩ ቀረ። በዚያው ሰሞን "የሰው ሰርግ ስትቆርጥና ስትቀጥል ልታረጅ ነው? ያንተ መቼ ነው?" ስትለኝ ተናድጄ ክፉ መልስ መልሼላት ነበር። ስለዚህ አኩርፋኛለች ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጊዜ ይቅርታ ብጠይቃት ያበቃ ነበር። ግን የእሷ ልጅ አይደለሁ፣ እልኸኛ ነኝ። ሻይዬን ራሴ ማፍላት ጀመርኩ፤ ወሬያችንም ቀስ በቀስ እያጠረ ሄደ።

ወደ ግንቦት ልመለስ። ቪዲዮው ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ ማሽኑ ለብቻው ሰዓታት ወስዶ አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ ሬንደር እንለዋለን። እሱን አስጀምሬ ወደ ጉዳዬ እወጣለሁ። ያን ሰሞን ግን ስመለስ ወይ ስክሪኑ አረንጓዴ መስመር በመስመር ሆኖ፣ ወይ ማሽኑ ጭራሽ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ማራገቢያው ደግሞ ለወራት እንደ ወፍጮ ሲጮህ ነበር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "ምንድን ነው የምትፈጩት?" ብለውኛል።

ቪዲዮዋን የምትጠብቅ አንዲት ሙሽራ በየቀኑ ትደውላለች። "መልሴ አለፈ፣ ቅልቅሌ አለፈ፣ ልጄ ክርስትና ሊነሳ ነው እኮ!" አለችኝ አንድ ቀን። እውነቷን ነው፤ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

አብሮኝ የሚሰራው ካሜራማን ኤፍሬም መጥቶ አየውና ምስሉን በሚያወጣው ካርድ ላይ ፈረደ። "ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ አብቅቶለታል። አዲስ ግጠምለት። ግን አዲሱን ካርድ ይሄ ፓወር ሰፕላይህ አይችለውም፤ እሱንም ትቀይራለህ። ማዘርቦርዱም እሺ ካላለ..."

 እሱ እንዳለው ከሆነ እናቴ ከገዛችልኝ ኮምፒውተር የሚተርፈው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ለካርድ ብዬ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበረኝ፤ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እቀይረዋለሁ፣ አልቀይረውም ስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሙሽራዋ አሸነፈችኝ። ጎፋ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ልወስደው ተነሳሁ።

ስወጣ እናቴ ዳንቴሉን አምጥታ ሲፒዩውን አለበሰችው። "አቧራ እንዳይገባው። ደግሞ የሰው ዓይን አለ" አለች። እንደዚያው እንደለበሰ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትንሽ ሲያዩት ቆይተው "የመልስ ነው ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? "አዎ እማማ" አልኩ።

ሱቁ ውስጥ ግንባሯ ላይ መብራት ያሰረች፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት የሚገርመኝ ወጣት ባለሙያ ነበረች። ማሽኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ እንደሚጠፋብኝ፣ ካርድ ልቀይርለት እንደመጣሁ ነገርኳት።

"የሚሆንህ ካርድ አለኝ" አለች ወደ መደርደሪያው እያሳየችኝ። "መጀመሪያ ግን ይሄኛውን ልየው።"

ካርዱን ፈታ አወጣች። ካርዱ ላይ ያለውን ማራገቢያ በጣቷ ስትነካው አልዞረላትም። ወረንጦ አነሳችና አንድ ነገር መምዘዝ ጀመረች። መዘዘች፣ መዘዘች፣ አያልቅም። አቧራ ያጠቆረው ክር ነው። ጫፉን ስትጠርገው ነጭ ሆነ። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ወዳስቀመጥኩት ዳንቴል ስታስጠጋው አንድ ጥግ ላይ ዘርፉ ጎድሎ አየን።

ሳቋ መጣ። "ካርድህ ደህና ነው። ታንቆ ነው!"

ለሙቀቱ ይበጃል ብዬ የሲፒዩውን የጎን ክዳን ከከፈትኩት ቆይቻለሁ። ዘርፉ በዚያ በኩል ተንጠልጥሎ ገብቶ ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሟል።

"ግን ይሄ የሚሆነው እየሰራ ሲለብስ ነው" አለች። "እየሰራ ማን ነው የሚያለብሰው?"

"እናቴ ናት። እኔ ስወጣ ስክሪኑ ራሱ ይጨልማል፤ ያጠፋሁት ይመስላታል።"

"እንዲህ እየጮኸ? ድምፁ አይሰማቸውም እንዴ?"

 ለካ ጎረቤት ድረስ የሚሰማውን ድምፅ እናቴ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። የምትከፍተው ሬዲዮ ጆሮ የሚያደነቁር ነው። ስልክ ሲጠራ እያየችው ካልሆነ አታነሳም። ሻዩ ደግሞ...

ልጅቷ ፊቴን አይታ መሳቋን ተወች። ካርዱን ጠርጋ መልሳ ገጠመችልኝ። የጽዳቱን ብቻ አስከፈለችኝና "ካርድ አልሸጥልህም። እናትህን ጆሯቸውን አስመርምራቸው" አለችኝ። ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፤ ዓይኔን ሳላሽ ነበር የምገዛው።

ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥፋለች፤ በሩ ክፍት ነው። ሲፒዩውን ቦታው መለስኩ። ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አበራሁት። ያቺ ዜማ ቤቱን ሞላችው።

አልዞረችም።

"እማዬ" አልኩ። ዝም። ቀረብ ብዬ ደገምኩ። ዝም። ጥላዬ ልብሱ ላይ ሲያርፍ ነው ብድግ ያለችው።

"ውይ! አስደነገጥከኝ። ተሰራልህ?"

እንባዬ ቀደመኝ። ደነገጠች። "ምነው ዳንዬ? ሞተ እንዴ?" አለች፤ ኮምፒውተሩን ነው።

ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ክዳ ነበር። "እኔ ምን ሆኜ! አንተ ነህ አፍህ ውስጥ የምታጉረመርመው" አለች። ከዚያ ያጠፈችውን ፎጣ መልሳ እየፈታች ቆየችና "ያኔ ስለ ትዳር ስናገርህ ተቀይመህ፣ ከእኔ ጋር ማውራት ያስጠላህ መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

"ሻዩስ?" አልኳት።

"ስራ መግባትህን በምን አውቄ? ያቺን ዘፈኗን ያጠፋሃት መስሎኝ ነበር። እንዳልመጣብህ ብለህ።"

ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ እኔን፣ እኔ እሷን ኩርፊያው እስኪበርድ ስንጠብቅ ኖረናል። ያኔ ያልጠየቅኳትን ይቅርታ እዚያው በረንዳ ላይ ጠየቅኳት፤ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ ጎረቤቱም ሳይሰማ አልቀረም።

ለካርዱ የተቀመጠው ገንዘብ ለጆሮ ሐኪምና ለመስሚያ መሳሪያ ዋለ። ሙሽራዋም ልጇ ሳይወለድ ቪዲዮዋን ተቀበለች።

እናቴ መስሚያውን ባደረገች ማግስት ጠዋት ኮምፒውተሩን አበራሁት። ስፒከሩን ከልማዱ በላይ አልከፈትኩትም። ዜማዋ ተሰምታ አለቀች። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኩሽና የብርጭቆ ኳኳታ ሰማሁ።

ሻዩን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ሲፒዩው ላይ አፈጠጠች። "ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል እንዴ?"

"ኧረ እማዬ፣ አሁንማ ዝም ብሏል!" አልኳት።

ኤፍሬም እስከ ዛሬ "ካርዱን ቀይር" እያለ ይጨቀጭቀኛል። እውነቱን ነው፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ይንቀራፈፍ። የጎን ክዳኑን ዘግቼለታለሁ፤ ማታ ማታ አጥፍቼው ጸጥ ሲል ዳንቴሉን የማለብሰው ራሴ ነኝ። እናቴ የጎደለውን ዘርፍ ልቀጥለው ብላ ኪሮሿን አውጥታ ነበር፤ እንዳለ ይሁን አልኳት። የሚቆጨኝ ያ ሁለት ዓመት ነው፤ እሱን የሚቀጥል ኪሮሽ የለም።

ሻዩ ግን በየጠዋቱ ይመጣል። ከልማድ የተነሳ "አመሰግናለሁ እማዬ!" የምላት ጮክ ብዬ ነው።

"አትጩህብኝ" ትለኛለች፣ "እሰማሃለሁ።"